የአንድን የቤተሰብ ስም አመጣጥ፣ ትርጉምና ብዛት ራሳችሁ የምታጣሩበት መንገድ

"ይሄ የቤተሰብ ስም ምን ማለት ነው?" የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ብዙውን ጊዜ ስሙ ብቻ ነው የሚላከው፣ የየት አገር እንደሆነ የለ፣ በዋናው ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የለ፣ በቃ ስሙና የጥያቄ ምልክት። ለሁሉም አንድ በአንድ መመለስ ስላልቻልኩ፣ ስም ሲመጣልኝ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከትርጉሙ ነው፣ ጎግል ላይ ስሙን ይጽፍና መጀመሪያ የመጣለትን ይዞ ይሄዳል። ትርጉም ግን መጨረሻ አካባቢ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ስሙ ድሮ እንዴት ይጻፍ እንደነበርና የት ቦታ ይገኝ እንደነበር ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ሳይኖሩ የተገኘ ትርጉም የሌላ ሰው ስም ትርጉም ሊሆን ይችላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚህ ነው እንዲህ የተደረደሩት፣ ስለዚህ እየዘለላችሁ አትሂዱ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ስሙ በራሱ አገር ፊደል የተጻፈበት አንድ ነገር፦ የልደት ሰርተፊኬት፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የመቃብር ድንጋይ ፎቶም ይሆናል
- ደብተር ወይም ኤክሴል፣ አራት ዓምድ ያለው፦ ዓመት፣ ቦታ፣ አጻጻፍ፣ የት እንዳገኛችሁት
- በእድሜ ከፍ ያለ የቤተሰቡ አባል፣ በስልክም ቢሆን
- ፋሚሊሰርች የሚባለው የቤተሰብ ታሪክ መዝገቦች ዌብሳይት ላይ አካውንት (ነጻ ነው)፣ ከቻላችሁ ደግሞ አንሴስትሪ ወይም ማይሄሪቴጅ ላይ፣ እነዚህ ለብዙው አገልግሎታቸው ያስከፍላሉ
- የዛ ቋንቋ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት። የቆዩት ብዙዎቹ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የኦንላይን ላይብረሪ ላይ ስካን ተደርገው አሉ፣ አዳዲሶቹን ትልልቅ ላይብረሪዎች ውስጥ ታገኛላችሁ
- የአገሩ ካርታ፣ የድሮ ቢሆን ይመረጣል፣ የወረዳና የመንደር ስም ስለሚቀያየር

ደረጃ 1፦ ስሙን በዋናው ፊደል ያዙት

በአማርኛ ጽፋችሁ የምትልኩልኝ ስም ግማሹን መረጃ ጥሎ ነው የሚመጣው። "ሊ" የሚለውን ውሰዱ። እንግሊዝኛ ከሆነ በጫካ መሀል የተመነጠረ ገላጣ ቦታ ከሚል የድሮ ቃል የመጣ ነው፣ ቻይንኛ ከሆነ የፕለም ዛፍ ማለት ነው፣ የኮሪያው ሊ በዛው በቻይናው ፊደል የሚጻፍ ሆኖ በኮሪያ የራሱ የዘር ሀረግ ያለው ነው፣ ኖርዌይ ሄዳችሁ ደግሞ የተራራ ዳገት ማለት ይሆናል፣ የተባበሩት መንግስታት የመጀመሪያው ዋና ጸሀፊ ትሪግቭ ሊ ስም እሱ ነው። አራቱም በአማርኛ ሲጻፉ አንድ ናቸው፣ እርስ በርስ ግን ምንም አይገናኙም (የኮሪያውና የቻይናው ፊደል ከመጋራታቸው በስተቀር)። ፓርክም እንደዚሁ ነው፣ የእንግሊዝም አለ የኮሪያም አለ። ጊል የሚባል እንግሊዝም ፑንጃብም ውስጥ አለ።

ስለዚህ ስሙን ልክ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፣ ፊደል ላይ ያሉትን ነጠብጣብና ጭረቶች ሳይቀር። ቻይንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ጃፓንኛ፣ አረብኛ፣ ሩሲያኛ ከሆነ በላቲን ፊደል የተገለበጠው አይበቃም፣ ዋናውን ፊደል ፈልጉ። በተለይ ቻይንኛ ላይ በላቲን አንድ ዓይነት ሆነው የሚጻፉ ነገር ግን ፊደላቸውም ትርጉማቸውም የተለያየ ስሞች ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የቤተሰብ ስሙ የቱ እንደሆነ አረጋግጡ

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ያለ ስም ሁሉ የቤተሰብ ስም አይደለም።

ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን፣ ቬትናምና ሀንጋሪ የቤተሰቡ ስም ከፊት ነው የሚመጣው። ማኦ ዜዶንግ ላይ የቤተሰብ ስሙ ማኦ ነው። ስፔንኛ ተናጋሪዎች ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛሉ፣ መጀመሪያ የአባት ቀጥሎ የእናት፣ ስለዚህ ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ላይ ከአባቱ የመጣው ጋርሲያ ነው፣ ማርኬዝ የእናቱ ነው። አይስላንድ ውስጥ አብዛኛው ሰው ጭራሽ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የለውም፣ ዘፋኟ ቢዮርክ ጉድሙንድስዶቲር "የጉድሙንዱር ሴት ልጅ" ማለት ነው እንጂ የቤተሰቡ ሁሉ መጠሪያ አይደለም። ኢትዮጵያና ኤርትራም እንደዚሁ የሚከተለው የአባት ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም ከሆነ የምታጣሩት የአንድ ሰው መጠሪያ ስም ትርጉም ነው፣ የቤተሰብ ታሪክ አትፈልጉበት።

የሴትና የወንድ ልዩነትም አለ። ኢቫኖቭና ኢቫኖቫ አንድ ስም ናቸው፣ ኮቫልስኪና ኮቫልስካ አንድ ናቸው፣ ቼክ ውስጥ ኖቫክና ኖቫኮቫ አንድ ናቸው። ሰርች ስታደርጉ ሁለቱንም መልክ አስገቡ፣ አለዚያ የቤተሰቡን ግማሽ ሰው ታጣላችሁ።

ሲንግን ደግሞ ለብቻው ልጥቀሰው። አንበሳ ማለት ነው፣ ግን ከ1699 ጀምሮ የሲክ እምነት ወንዶች የሚወስዱት ስም ስለሆነ (ሴቶቹ ካውር ይባላሉ) የቤተሰብን አመጣጥ ብዙም አይነግራችሁም፣ ከእሱ ጎን ሌላ ስም ካለ እሱን ተከተሉ።

ደረጃ 3፦ ከራሳችሁ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

ከድሮ ወደ ዛሬ ሳይሆን ከዛሬ ወደ ድሮ። መጀመሪያ ትልቁን ሰው ጠይቁ፦ አያታችሁ ስሙን እንዴት ይጽፍ ነበር? የየት መንደር ሰው ነበር? ስሙን የቀየረ አለ ወይ? ሴቶቹ ከማግባታቸው በፊት ስማቸው ማን ነበር? የሚነግሯችሁን ሁሉ ጻፉ ግን "የተነገረ" ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ገና ወረቀት አላየንበትም። ቀጥሎ በትውልድ በትውልድ ወረቀት ፈልጉለት፣ የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ዛሬ የያዛችሁት አጻጻፍ ከ100 ዓመት በፊት ሌላ ሊሆን ስለሚችል ነው፣ ትርጉሙ ያለው ደግሞ እዛ ድሮ ባለው መልክ ውስጥ ነው።

የት ድረስ መሄድ እንደምትችሉ በአገሩ ይወሰናል። እንግሊዝና ዌልስ የመንግስት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነው፣ ከዛ በፊት ያለው የቤተክርስቲያን መዝገብ ነው፣ እሱ በ1538 የተጀመረ ነው። ፈረንሳይ የመንግስት ምዝገባ ከ1792፣ ጀርመን በመላ አገሪቱ ከ1876። የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችም በጣም ይረዳሉ ምክንያቱም አንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ከነእድሜያቸው ያሳያሉ፣ ግን ወዲያው አይከፈቱም፦ አሜሪካ 72 ዓመት ስለምታስጠብቅ የ1950ው በ2022 ነው የወጣው፣ የእንግሊዝና ዌልስ የ1921ዱም በ2022 ነው የተለቀቀው።

የሚጠፋ መዝገብም አለ። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ በ1921 በተነሳ እሳት ምክንያት አብዛኛው የለም፣ አየርላንድ በ1922 ደብሊን ላይ መዝገብ ቤቱ ሲቃጠል እጅግ ብዙ ነገር ነው የጠፋባት። እዚህ ላይ ስትደርሱ መዝገብ የለም ብላችሁ አታቁሙ፣ አየርላንድ ላይ ለምሳሌ የ1901ና የ1911 ቆጠራ በነጻ ኦንላይን አለ፣ ከዛ በፊት ለነበረው በ1847 እና በ1864 መካከል የታተመው የግሪፊዝ የመሬት ግምት ዝርዝር ቦታውን ይተካል።

ደረጃ 4፦ የአጻጻፍ ዝርዝር ስሩ

ድሮ ስም የሚጽፈው ባለስሙ አይደለም፣ ቄሱ ወይም ቆጣሪው ነው፣ በጆሮው እንደሰማው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲጠመቅ በአንድ አጻጻፍ፣ ሲያገባ በሌላ፣ ሲሞት በሶስተኛ ቢገኝ የሚገርም አይደለም። ያገኛችሁትን አጻጻፍ ሁሉ ከነዓመቱ አንድ ላይ ደርድሩ። ከዛ ራሳችሁ የሚሆኑትን ጨምሩበት፦ ድርብ ፊደል በነጠላ፣ አናባቢ በአናባቢ፣ በኬ የሚጀምረው በሲ።

የመዝገብ ዌብሳይቶች ብዙዎቹ ሳውንዴክስ የሚባል ነገር አላቸው፣ ፓተንቱ የ1918 ነው፣ ቀላል ግን ጠቃሚ ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያስቀራል፣ አናባቢዎቹን ይጥላል፣ ቀጥሎ ያሉትን ተነባቢዎች በድምጽ መቀራረባቸው ወደ ሶስት ቁጥር ይቀይራል። ስሚዝ፣ ስማይዝና ሽሚት ሶስቱም ኤስ530 ይሆናሉ፣ ስለዚህ አንዱን ስትፈልጉ ሁሉም ይመጡላችኋል። ድክመቱ የመጀመሪያውን ፊደል የማይነካ መሆኑ ነው፣ በኬ የተጻፈ ክሬመርና በሲ የተጻፈ ክሬመር ተለያይተው ይቀራሉ፣ ስለዚህ በሁለቱም ለየብቻ ሞክሩ። ለምስራቅ አውሮፓና ለአይሁድ ስሞች ከሆነ በ1985 የተሰራው ዳይች ሞኮቶፍ የሚባለው ይሻላል፣ የስላቭና የዪዲሽ (የምስራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) ድምጾችን ታሳቢ አድርጎ ነው የተሰራው።

ደረጃ 5፦ ስሙን ቆራርጡት

አሁን በጣም የቆየውን አጻጻፍ ያዙና ከፊትና ከኋላ የተቀጠለ ነገር እንዳለው እዩ። ቅጥያው ቋንቋውን ይነግራችኋል፣ ቋንቋውን ካወቃችሁ ደግሞ የትኛውን መዝገበ ቃላት እንደምትከፍቱ አወቃችሁ።

ከኋላ ልጅ ወይም ዘር የሚሉ፦ ሰን (እንግሊዝ፣ ስካንዲኔቪያ)፣ ኤዝ (ስፔን፣ ፈርናንዴዝ የፈርናንዶ ልጅ)፣ ኦቭና ኤቭ (ሩሲያ፣ ቡልጋሪያ)፣ ኤንኮ (ዩክሬን)፣ ኤስኩ (ሩማኒያ)፣ ያን (አርመን)፣ ድዜና ሽቪሊ (ጆርጂያ)፣ ፑሎስ (ግሪክ)፣ ኦግሉ (ቱርክ)፣ ዛዴ (ፋርስ)።
ከፊት የሚመጡ፦ ማክ (ልጅ) እና ኦ (የልጅ ልጅ፣ ዘር) የአየርላንድና የስኮትላንድ ጌሊክ ናቸው፣ ፊትዝ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ልጅ ማለት ነው፣ ቢንና ኢብን አረብኛ፣ ቤን እብራይስጥ፣ ቫን ደች፣ ፎን ጀርመን።

ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነገር፦ "ደ" የሚለው። ፈረንሳይኛ ውስጥ "የ" ወይም "ከ" ማለት ነው፣ ደችኛ ውስጥ ግን ስምን የሚያስታውቅ ቃል ብቻ ነው፣ ደ ቭሪስ ማለት "ፍሪሲያዊው" ነው፣ ፍሪሲያ ከምትባለው የሰሜን ባህር ዳርቻ አካባቢ የመጣ ሰው። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "የመኳንንት ዘር ነን" ብሎ ይደመድማል፣ ደም አይለይም ቅጥያው።

ደረጃ 6፦ ዓይነቱን ለዩ፣ ከዛ ትርጉሙን ፈልጉ

አብዛኛው የቤተሰብ ስም ከአራት ነገር የመጣ ነው፦ ከአባት ስም፣ ከስራ፣ ከቦታ፣ ከቅጽል ስም። የስሙን ዓይነት ካወቃችሁ የምትጠብቁት ነገር ይለወጣል፣ ለዛ ነው ከትርጉሙ በፊት ያስቀመጥኩት።

የስራ ስም ከሆነ ብዙ ቦታ ላይ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ብረት ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር ስላልነበረ ስሚዝ በእንግሊዝ፣ ሽሚት በጀርመን፣ ለፌቭር በፈረንሳይ፣ ፌራሪ በጣሊያን፣ ኮቫልስኪ በፖላንድ፣ ኮቫች በሀንጋሪ፣ ኩዝኔትሶቭ በሩሲያ፣ ደሚርጂ በቱርክ፣ ሃዳድ በአረብ አገር ሁሉም ያው ከብረት ስራ የመጡ ናቸው፣ ይሄ ማለት ግን ሁለት ስሚዞች ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም። የቦታ ስም ግን፣ በተለይ ትንሽ መንደር ከሆነ፣ ጣታችሁን ካርታ ላይ ያስቀምጥላችኋል፣ ቫን ጎህ ማለት ጎህ ከምትባለው ከተማ ማለት ነው፣ ከተማዋ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ከደች ድንበር አጠገብ አለች።

ቅጽል ስሞች ላይ በደንብ ተጠንቀቁ። ጣሊያን ውስጥ ሮሲና ሩሶ ሁለቱም "ቀይ" ናቸው፣ በጸጉር ወይም በፊት መልክ። ሀንጋሪ ውስጥ ናጅ ትልቅ ማለት ነው፣ ፖላንድ ኖቫክ አዲስ መጤ። ብላክ የሚለው እንግሊዝኛ ግን ጥቁር ብቻ አይደለም፣ ድሮ በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት ነበሩ፣ አንዱ ጥቁር ሌላው የገረጣ፣ ስሙ ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ያለ ተጨማሪ ማስረጃ አንዱን መርጦ መናገር አይቻልም። ካምቤል ደግሞ ከላቲን "ውብ ሜዳ" ነው የሚል ቆንጆ ታሪክ አለው፣ ግን ስሙ ጌሊክ ነው፣ "ጠማማ አፍ" ማለት ነው። የሚያምር ትርጉምና የማያምር ትርጉም ሲቀርብላችሁ የሚያምረውን በተለይ አጣሩት፣ ሰው ስሙን ለማሳመር ታሪክ ይፈጥርለታል።

ኤስፖዚቶ የሚል ካጋጠማችሁ ረጋ በሉ፣ ጣሊያን ውስጥ በተለይ ኔፕልስ አካባቢ ተጥለው ለተገኙ ህጻናት ይሰጥ የነበረ ስም ነው፣ ለባለቤቱ ስትነግሩ በአክብሮት ንገሩ።

ደረጃ 7፦ በዛ አገር ስም መቼ እንደጸና እዩ

ከዛ ዓመት በፊት ስሙ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ከዛ በላይ መፈለግ ጊዜ ማቃጠል ነው። ጃፓን ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የተገደደው በ1875 ነው፣ ቱርክ በ1934 በወጣ ህግ፣ ኔዘርላንድስ የሌለው ሁሉ እንዲመዘገብ የታዘዘው በ1811። ፊሊፒንስ በ1849 የስፔኑ ገዢ ክላቬሪያ ባወጣው ትእዛዝ የስም ካታሎግ ተዘጋጅቶ ለየከተማው ተከፋፈለ፣ ለዚህ ነው የስፔን ስም ያለው ፊሊፒናዊ የግድ የስፔን ዘር የማይሆነው። ታይላንድ ደግሞ ተቃራኒ ነች፣ በ1913 ህግ የአንዱ ቤተሰብ ስም ለሌላው እንዳይደገም ስለተደረገ እዛ አንድ ዓይነት ስም መያዝ ዝምድናን በጣም ያመለክታል።

ደረጃ 8፦ ብዛቱን በሶስት ቁጥር ለኩ

"ስሜ ምን ያህል የተለመደ ነው" ስትሉ ሶስት የተለያየ ጥያቄ ነው የምትጠይቁት፦ ስንት ሰው፣ ስንተኛ ደረጃ፣ ከ100,000 ሰው ስንቱ። ሶስቱንም ጻፉ፣ አንዱ ብቻውን ያሳስታል።

የአሜሪካ የ2010 ቆጠራ ጥሩ መለማመጃ ነው፣ 100 እና ከዛ በላይ ሰው የሚጠራባቸውን 162,253 የቤተሰብ ስሞች አውጥቷል፣ ኤክሴል ላይ ከፍታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ስሚዝ 2,442,977 ሰው ይዞ አንደኛ ነው፣ ጆንሰን 1,932,812 ሁለተኛ። ፋይሉ ላይ ስትፈልጉ ክፍተትና ጭረት አታስገቡ፣ ኦብራየን ያለ ጭረት፣ ቫን ዳይክ ተያይዞ ነው የሚገኘው። ሌላው፣ ዝርዝሩ የሚቆጥረው አጻጻፍን ነው እንጂ አመጣጥን አይደለም፣ በደረጃ 1 ያየናቸው የእንግሊዙ ሊና የእስያው ሊ በላቲን አንድ ዓይነት ከተጻፉ በአንድ መስመር ይደመራሉ።

አመጣጥ ለማወቅ የሚጠቅማችሁ ሶስተኛው ቁጥር ነው። እንበል አንድ ስም 50 ሚሊዮን ሕዝብ ባለው አገር 5,000 ሰው አለው፣ ሌላ 4 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አገር ውስጥ 2,000 ሰው አለው። በቁጥር የመጀመሪያው ይበልጣል። ስታካፍሉት ግን የመጀመሪያው ከ100,000 ሰው 10 ነው፣ ሁለተኛው 50 ነው፣ ስለዚህ ፍለጋችሁን ከሁለተኛው ጀምሩ። መርፊ የሚለውን ብታዩ አሜሪካ ውስጥ ያሉት በቁጥር ከአየርላንድ በብዙ ይበልጣሉ፣ የስሙ ቤት ግን አየርላንድ ነው፣ እዛ ቀዳሚው የቤተሰብ ስም ነው።

አንዳንድ አገር ብዛቱ ራሱ ምንም አይነግራችሁም። ኮሪያ ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ኪም ነው፣ ቻይና ውስጥ ዋንግ የሚባሉት ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ኮሪያ ከሆነ የዘር ሀረጉን መነሻ ቦታ ጨምራችሁ ጠይቁ፣ የጊምሄ ኪምና የግዮንግጁ ኪም የተለያየ ሀረግ ናቸው።

ደረጃ 9፦ ካርታ ላይ አስቀምጡት

የዛሬውን ስርጭት ሳይሆን የቆየውን ተጠቀሙ፣ ሰው በባቡርና በፋብሪካ ምክንያት ሳይበተን በፊት የነበረውን። ለእንግሊዝ ተመራማሪዎች የ1881 ቆጠራን የሚወዱት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ አንድ ወይም ሁለት አካባቢ ላይ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ፣ ያ አካባቢ በደረጃ 3 ካገኛችሁት የቅድመ አያት መንደር ጋር ከገጠመ ትልቅ ነገር ነው። ካልገጠመ ደግሞ ወይ ቤተሰቡ የተሰደደ ነው ወይ ስሙ የተቀየረ ነው፣ ተመለሱና አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ጨምሩ።

አንድ ስም ይዘን እንሂድበት፦ ፓወል

አንድ ሰው ይሄን ስም ቢያመጣ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው መጨረሻው ላይ ያለው ነው፣ በእንግሊዝኛ የውሃ ጉድጓድ ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ "የቦታ ስም ነው" ለማለት ይቀላል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን የቆዩ መዝገቦች ላይ "አፕ ሀወል" የሚል ታገኛላችሁ። አፕ ዌልሽኛ ነው፣ "የ... ልጅ" ማለት ነው፣ ሀወል ደግሞ ሃዌል ከሚለው የዌልሽ መጠሪያ ስም ነው፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሃዌል ዳ (መልካሙ ሃዌል) የሚባል ንጉስም ነበራቸው። የአፕ መጨረሻ ድምጽ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ፓወል ሆነ፣ ፕራይስ ከአፕ ሪስ፣ ፓሪ ከአፕ ሃሪ፣ ቦወን ከአብ ኦወን የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የአባት ስም ነው እንጂ የቦታ አይደለም። ካርታውም ይስማማል፣ ስሙ የሚከማቸው ዌልስና ከእሷ ጋር የሚዋሰኑ የእንግሊዝ አውራጃዎች ላይ ነው። ዌልስ ውስጥ የሚወረስ የቤተሰብ ስም እየጸና የመጣው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ስሙ በጸናበት ሰዓት አባቱ ሃዌል የነበረ ማንኛውም ሰው ፓወል መሆን ይችላል፣ ሁሉም ፓወሎች ከአንድ ሰው አልወረዱም ማለት ነው። አያችሁ አይደል፣ ከትርጉም ብንጀምር ኖሮ ጉድጓድ ይዘን እንቀር ነበር።

ማስጠንቀቂያ

- የእናታችሁን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም፣ ሙሉ የልደት ቀንና የትውልድ ቦታ አንድ ላይ አድርጋችሁ ኦንላይን አትልቀቁ። ብዙ ባንኮችና አካውንቶች የሚጠይቁት የደህንነት ጥያቄ እሱ ነው። በህይወት ያሉ ሰዎችን ኦንላይን በምትሰሩት የቤተሰብ ዛፍ (የዘር ሀረግ ስዕል) ላይ ደብቋቸው።
- "የቤተሰባችሁ አርማ" ብሎ የሚሸጥ ካለ ገንዘባችሁን አታውጡ። በእንግሊዝ ደንብ ለምሳሌ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለተተኪዎቹ ነው፣ ለስም አይደለም፣ ስማችሁ ስለተመሳሰለ የእናንተ አይሆንም።
- የዲኤንኤ ምርመራ የስምን ትርጉም አይነግርም። የአባት መስመር የሚከተለው ዋይ ክሮሞሶም ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ወንዶች አንድ የአባት ዘር እንዳላቸው ለማየት ይጠቅማል፣ ግን ቤተሰብ ውስጥ ያልተነገረ ነገርም ሊያወጣ ይችላል፣ ከመላካችሁ በፊት ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር ተነጋገሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

"ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩብን" የሚለው አንደኛው ነው። ጣቢያው ከ1892 እስከ 1954 ሰርቷል፣ ተቆጣጣሪዎቹ ግን ስም አይጽፉም ነበር፣ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የተሞላውን የተሳፋሪ ዝርዝር ይዘው ነው የሚጠይቁት። ስሙ የተቀየረው ብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ በስራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ የዜግነት ወረቀት ሲወጣ፣ ብዙውን ጊዜም በራሱ በባለስሙ ፍላጎት። ስለዚህ የድሮውን ስም የተሳፋሪ ዝርዝሩና የዜግነት ማመልከቻው ላይ ፈልጉት።

የሌላ ሰው የቤተሰብ ዛፍ ኮፒ ማድረግ ሁለተኛው ነው። አስር ዛፍ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አየሁ ማለት አስር ማስረጃ አገኘሁ ማለት አይደለም፣ ዘጠኙ ከአንዱ የገለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወረቀቱን ራሱን ክፈቱ።

በርግ ወይም ስታይን ያለበትን ስም ሁሉ አይሁድ ነው ማለትም አለ፣ ተራራና ድንጋይ የሚሉ የጀርመንኛ ቃላት ናቸው፣ ክርስቲያኑም አይሁዱም ይጠራባቸዋል። ሃይማኖትን ከስም ሳይሆን ከመዝገቡ አንብቡ።

ሌላው፣ ታዋቂ ሰው ስማችሁን ስለያዘ ከእሱ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ። የእናንተን መስመር ይዛችሁ ወደ ላይ ካልወጣችሁ መገናኛው በጭራሽ አይገኝም።

ደረጃ 10፦ ያገኛችሁትን ጻፉ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። በጣም የቆየው አጻጻፍ ከነዓመቱና ከነቦታው፣ ዓይነቱ፣ ትርጉሙ፣ ሶስቱ ቁጥሮች ከየት ዓመት እንደሆኑ ጭምር። ከእያንዳንዱ ጎን "በወረቀት ያየሁት"፣ "የሚያስኬድ ግምት" ወይም "የተነገረ" ብላችሁ ጻፉ፣ ከአስር ዓመት በኋላ የቤተሰቡ ሌላ ልጅ ሲቀጥለው የቱን ማመን እንዳለበት እንዲያውቅ።

መሀል ላይ ከተጣበቃችሁና ልትጠይቁኝ ከፈለጋችሁ እነዚህን ይዛችሁ ኑ፦ ስሙ በዋናው ፊደል፣ እስካሁን ያገኛችሁት የቆየ አጻጻፍ፣ የተገኘበት መንደርና ዓመት፣ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆማችሁ።